በዘጠነኛው ዘፈን ላይ የቆመው ጭብጨባ

ብሩኬ፣

የኖርዌዮቹ ባንድ አዲስ አልበም ወጥቷል። ዘጠነኛው ዘፈን ላይ አንተ አለህ።

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አንተ «ይመለሳሉ» እንዳልክ ሄድክ፤ እነሱም ከአሥራ ስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ ተመለሱ።

ያለነው እዚያው ጋርላንድ ከተማ፣ አንተ በምታውቀው አፓርትመንት ነው። መኪናህን እኔ እነዳታለሁ፤ ኧርቪንግ ካለው ሆቴል ከሥራ ስመለስ ሬዲዮው አንተ በተውክበት ጣቢያ ላይ ነው። ማሂ አሥራ አምስት ሞላት። በቁመት በልጣኛለች። በትምህርት ቤቷ የሰልፍ ባንድ ውስጥ ከበሮ ትመታለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ከማን እንዳመጣችው አትጠይቀኝ።

ታሪኩን አንተ ስትነግረን እንዲህ ነበር። ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ የመኖሪያ ወረቀት ስትጠብቅ ሳህን የምታጥብበት ካፌ ምድር ቤት ውስጥ አራት ወጣቶች ይለማመዱ ነበር። ደማቅ ጊታር፣ ሦስት ድምፅ አንድ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን። «ፓወር ፖፕ ይባላል፤ ግጥሙ ያሳዝናል፣ እግር ግን አያስቆምም» ትለኝ ነበር። ጭብጨባ ሲፈልጉ ምቱ ጠፋባቸው። አንተ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግክ ሰው፣ ፎጣህን ትከሻህ ላይ ጥለህ ወረድክና አጨበጨብክላቸው። ከዚያ ወዲያ ያለ አንተ አልቀረጹም። አንድ ቀን አንዱን ዘፈን ደጋግመው ሲያስጨበጭቡህ ወደቅክ። «ጾም ላይ ነበርኩ፤ ፈረንጆቹ የሞትኩ መስሏቸው አለቀሱ» እያልክ በየክርስትናው በየልደቱ አስቀኸናል። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰም «አንተን ጾም ጣለህ፣ እኛን የጣለን ፍስክ ነው!» ብለው ሆዳቸውን መታ መታ ያደርጉ ነበር።

ነሐሴ ላይ የማሂ ባንድ በትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ልምምድ ጀመረ። ፍልሰታን እጾማለሁ አለች፤ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ከበሮዋን እንደታጠቀች አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ስደርስ ቁጭ ብላ ነበር። «ማሚ፣ ኦኬ ነኝ፤ ማለቴ፣ ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» አለችኝ። ጋሽ ታደሰ ሲሰሙ «የአባቷ ልጅ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ክሊኒክ ወሰድኳት፤ የሚሞላ ፎርም ሰጡኝ። ከቤተሰብ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ይላል። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ያንተን መውደቅ ቀልድ እንጂ በሽታ ብዬ አስቤው አላውቅም። አባቷ በምን ሞተ ለሚለው ደግሞ «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። እሱ እውነት ነበር። ፋርመርስ ብራንች የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ወድቀህ የሞትክ ቀን፣ ሐኪሙ ምክንያቱ እንዲታወቅ አስከሬንህ ይመርመር ወይ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ «ልጄ፣ ሬሳ አይንገላታም» አሉኝ። አይሆንም ብዬ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ቀበርንህ።

ማሂን ሙቀቱና ጾሙ ነው ብለው ወደ ከበሮዋ መለሷት።

አልበሙን ያገኘችው እሷ ናት። «ማሚ፣ የዳዲ ባንድ አልበም ድሮፕ አደረጉ!» ብላ እየሮጠች ወጥ ቤት ገባች። ዘጠነኛው ከድሮ ቴፕ ሳይነካ የተወሰደ ነው። ጭብጨባህ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደ ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ይዘገያል። ቀጥሎ ሁለቱ ይደራረባሉ። ከዚያ የለም። ወንበር ይወድቃል፣ ጊታሩ ያቆማል፣ ስምህን በዚያ በፈረንጅ አፋቸው ይጠራሉ። ዝምታውን ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። በመጨረሻ ያንተ ሳቅ ይሰማል።

ከዘፈኑ ሥር ቴፑ በብሔራዊ በዓላቸው ቀን እንደተቀዳ ተጽፏል። ደግሜ ሳዳምጥ ከውጭ የሕፃናት ሰልፍ ከበሮ ይሰማል። በዓላቸው ግንቦት ላይ ነው። ብሩኬ፣ ያ ቀን በየትኛውም ዓመት ከበዓለ ሃምሳ አይወጣም። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም።

ለዘፋኙ ጻፍኩለት፤ በማግስቱ መለሰልኝ። ያን ቀን ከወደቅክ በኋላ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተህ ነበር። የልብህ ምት ችግር እንዳለበት ነግረውሃል። በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል ለቤተሰብህ እንድትናገርም አስጠንቅቀውሃል። አንተ ግን «እናቴ እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች» ብለህ የባንዱን ልጆች አስምለሃቸዋል። እናትህ ካረፉ ቆዩ። መሐላው ግን እኔ ቤት ድረስ መጣ።

አልፈርድብህም። እኛ ዘንድ በሽታ የሚወራው ከዳኑ በኋላ ነው። እኔም የጡቴን እብጠት ውጤቱ ደህና ነው እስኪባል ደብቄህ ነበር።

የጋብቻ ወረቀታችንን ለበርገኑ ሆስፒታል ልኬ የሕክምና ማህደርህን ጠየቅኩ። ለማሂ ሐኪምም ደውዬ ፎርሙ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው አልኩት። ከዚያ ከበሮ እንዳትመታ፣ እንዳትሮጥ፣ መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን እንዳትቆልፍ አለኝ። ውሃው መፍሰሱን ሲያቆም በሩ ሥር እቆማለሁ። «ማሚ፣ በየደቂቃው ቼክ አታድርጊኝ!» ትላለች ከውስጥ። ድምጿን ስሰማ እመለሳለሁ።

ከበሮው ሲከለከል ዘጠነኛውን እየከፈተች አብራህ ማጨብጨብ ጀመረች። አንተ የምታቆምበት ላይ ስትደርስ እሷም ታቆማለች። ለጨዋታ ነው። እኔ ግን እጄ ላይ ያለውን አስቀምጬ እቆጥራለሁ።

ትናንት መኪናህ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርገን ነበር፤ ጓደኞቿ ከበሯቸውን ተሸክመው ያልፋሉ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየቻቸው።

«ሶ፣ ዳዲ ያውቅ ነበር?»

ያውቅ ነበር አልኳት።

ለጋሽ ታደሰም ነገርኳቸው። አልሳቁም። ስንዘክርህ ያንን ታሪክ ማንሳታችን አይቀርም፤ ፎጣህን፣ ምድር ቤቱን፣ የልጆቹን ለቅሶ ሁሉ እናወራለን። ጾሙን ግን ከውስጡ አውጥቼዋለሁ። ለማሂ ልጆች፣ ከወለደች፣ የምነግራቸው የወደቅክበትን ምክንያት ጨምሬ ነው።

የበርገኑ ማህደርህ ዛሬ ደርሷል፤ ሐኪሙ እያነበበው ነው። ልቧ ሲያቆም የሚያስነሳ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ ይግባላት ወይስ በመድኃኒት ትቆይ የሚለውን ሐሙስ ጠዋት ይነግረናል።