ሲሲ አልጠፋችም

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ቢራራ፤ መካነ ብርሃን።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፤ በጾሙ ቁመቱ በዝቶብዎት ይሆን? የእማዬ ሳል ተሻላት? በጎቹስ ከብርዱ ተረፉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ያልኩት እጄ ለምዶ ነው። ልጄ ሲሲ ደኅና አይደለችም።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን በስልክ "ልጄ" ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ዝም እንዳልል ጻፍኩ።

ወንድሜ እንዳለው መጥቶ መልእክትዎን አድርሶኛል። ልጅቱን ወደ ጠበል አምጫት፣ ሁለት ሱባኤ እስክትጨርስ መድኃኒት እንዳይነካት ብለዋል። መልሴ ይቅደም፤ እምቢ። እርስዎን እምቢ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉን ጽፌ ተነሣሁ፤ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። አሁንም እምቢ።

ማክሰኞ የሆነውን ልንገርዎ። በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕፃናት በሽታና ስለ ካንሰር ምርምር የሳይንስ ጉባኤ ነበር። እኛ የንብረት ክፍል ሠራተኞች ወንበር ደርድረን፣ ውኃ አድለን፣ ከኋላ ቆምን። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ሐኪም ምርመራ ጀምረው ስለጠፉ ልጆች ያወራ ነበር። ስም አልጠራም። "የሰባት ዓመት ልጅ፤ ከደባርቅ፤ ግራ ጎኗ ያበጠ። ያመጧት መቋሚያ የያዙ አያቷ ናቸው። ለተኛው ሁሉ ዳዊት ደግመው ሄዱ፤ አልተመለሱም" አለ። ሰው ሳቀ። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል "ቤተሰቧ ትቷታል" ይላል።

ትቷታል።

ጥቅምት ላይ ሙሌን ወልጄ አራስ ስለነበርኩ ሲሲን ወደዚያ ሐኪም ሆስፒታል ይዘዋት የሄዱት እርስዎ ነዎት። ከጎኗ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል አሉ። እርስዎም ካርዱን ዳዊትዎ ውስጥ እንዳስቀመጡት ወደ መካነ ብርሃን ገቡ። እኔ ከአራስነት ስነሣ ስሟን ብቻ ይዤ ሄድኩ። አራት ጊዜ። ሲሲ ሻረው የምትባል ልጅ የለችም አሉኝ። አራት ጊዜም አመንኳቸው።

እጄን አወጣሁ። ባልደረባዬ ያርጋል ቀሚሴን እየጎተተ "አንቺ፣ እኛ ለወንበር እንጂ ለጥያቄ አልተጠራንም" አለኝ። ቀሚሴን አስለቀቅኩት። "ዶክተር፣ ልጅቱን ማንም አልተዋትም። እናቷ እኔ ነኝ። ዛሬም ትምህርት ቤት ናት" አልኩት። ሐኪሙ ከመድረክ ወርዶ ስሟን ጠየቀኝ። ሲሲ አልኩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ፤ የለችም። ያን ጊዜ እርስዎን አሰብኩ። አባቴ የታመመ ሰው በጸሎት ሲያስብ በየትኛው ስም ነው የሚጠራው? "ወለተ ሐና ብለው ይፈልጉ፤ የክርስትና ስሟ ነው" አልኩት። ነበረች። ውጤቷም ከኅዳር ጀምሮ ተቀምጧል። የኩላሊት ካንሰር።

ሐኪሙ አልዋሸኝም። በዚህ ዓይነቱ ታመው በመድኃኒትና በቀዶ ሕክምና የሚድኑ ልጆች ብዙ ናቸው አለ፤ የባከነው አራት ወር ግን ባክኗል አለ። ከዚያ ያቺን መስመር ከግድግዳው ላይ አጠፋት። ደስ አላለኝም። ከሥሯ ሌሎች ዐሥር ልጆች ነበሩ። የእነሱንስ አያቶች ማን ጠየቀ?

አባባ፣ አልወቅስዎትም። ያስመዘገቧት ለእግዚአብሔር በሚነግሩበት ስም ነው። እኔም በምን ስም ብዬ አልጠየቅሁዎትም። እኩል አጥፍተናል። አሁን ግን መጠበቅ አልችልም። ልብሷን ሳለብሳት ጎኗን በመዳፌ እለካለሁ፤ ሳልፈልግ። ያድጋል። ሁለት ሱባኤ ዐሥራ አራት ቀን ነው። እኔ ዐሥራ አራት ቀን የለኝም።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሆስፒታሉ እንሄዳለን። ጠበሉን በጀሪካን ይላኩልን፤ ትጠጣለች። መድኃኒቱንም ትወስዳለች። እርም ነው የሚለኝ ካለ ለእኔ ይንገረኝ እንጂ ለእሷ አይንገራት።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ስለ ልጅቱ እውነቱን ይንገሯት። እንዳለውን አልተቀየምኩህም ብላለች ይበሉት። እህቴ የሺወርቅ ለሙሌ የፈተለችው ደርሶናል፤ እጇ ይባረክ። አክስቴ ሸጊቱም ሰላም ትሁን። ባለቤቴ ሻረው ጤና ይስጥልኝ ይላል። ሲሲ እጅዎን ትስማለች።

እሑድ ልትከለክሉኝ ብላችሁ ተሰብስባችሁ አትምጡ። እርስዎ ብቻዎን ከመጡ ግን ጋቢዎን ደርበው ይምጡ። ሆስፒታሉ ይበርዳል፤ ሰኞ አብረውን ይሄዳሉ።

ልጅዎ የትናየት ቢራራ
ደባርቅ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.