የጋቢናው ወንበር

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ፀሐይ ነበር። ብርድ ልብሶቹን አጠብኩ። ከሰዓት በኋላ ሊድያ ደወለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ እንደ በዛባት ነው፤ አየርላንድም እንደ ዘነበ ነው። ከዚያ ድምጿን ለወጥ አድርጋ... "እማ፣ ዘንድሮ አንቺና አባባ ትመጣላችሁ። በመኪናዬ አገሩን እንዞራለን።"

የት ልናድር? አልኳት። ሆቴል ትለኛለች ብዬ ነበር። የለም፣ ሰው ቤት ነው አለች። ክፍል የሚያከራዩ ባለቤቶች አሉ፣ አልጋ ከነቁርሱ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ቀድመን እንይዛለን፤ ከዚያ ደስ ያለን ቦታ ሲመሽብን እዚያው ማንኳኳት ነው።

"ይሄማ የመሸበት እንግዳ ማለት ነው" አልኳት።

"አዎ እማ፣ ግን ከፍለሽ።"

የመሸበትን እንግዳ ማስከፈል! አባቴ በሕይወት ኖረው ይሄን ቢሰሙ...

ለባሌ ለሞላ ነገርኩት። "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብቻ አለ።

ግንቦት 15

አገሩን መዞር ከሞላ ጋር... ይሆን ይሆን?

ሃያ ሰባት ዓመት ሚኒባስ ነዳ። መካነ ሰላም ደሴ፣ ደሴ መካነ ሰላም። ዓምና መኪናውን ለጎረቤታችን ለጀብሪል ሸጦ ቤት ተቀመጠ፤ እኔም ዘንድሮ ከማስተማሩ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም። ጋቢና የሽማግሌ ነው፣ የቄስ ነው፣ የሼኽ ነው፣ የነፍሰ ጡር ነው። የሾፌር ሚስት ኋላ ናት፣ ከዶሮውና ከጆንያው ጋር።

ከአቀስታ ወዲህ ያለው ብርዳም ሜዳ ላይ ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ ሰው መስለው ቆመው ይታያሉ። አንድ ቀን ወርጄ በእጄ ልነካቸው እመኛለሁ። "መኪና የቆመ ለት ከስሯል" ይላል ሞላ። ሃያ ሰባት ዓመት በመስኮት አየኋቸው። እኔ የምፈልገው ሩቅ አገር አይደለም። ሞላ አንድ ቀን ለእኔ ብሎ ሲቆም ማየት ነው። በቃ።

ግንቦት 23

ሞላ ዕቅዱን ነገረኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት። ቁርስ የሚሰጡት ሁለት ሰዓት ላይ እኮ ነው ስለው... "በፌስታል ይጠቅልሉልን።"

በፌስታል! የሰው እንቁላል ጥብስ!

"ትንሽ አገር ነው" ይላል። "በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን።"

"ጨርሰነው ምን ልናደርግ?"

"እንመለሳለና!"

ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ ከፋኝ።

ሰኔ 3

የንስሐ አባታችን አባ ወልደሩፋኤል ጎራ አሉ። ጉዞውን ነገርናቸው፣ ደስ አላቸው።

"መቼ ትነሳላችሁ?"

"ሊድያ ፈቃድ የጠየቀችው በፈረንጆቹ ነሐሴ ሰባት ነው" አለ ሞላ።

አባ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። "ይሄ በእኛ ነሐሴ አንድ ነው። ፍልሰታ የሚገባው መቼ ነበር፣ የትምወርቅ?"

ወይ ጉዴ! ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ሳልጾም የዋልኩበት ዓመት የለም። የፈረንጅ ቀን ሲሉኝ እንደ ተማሪዎቼ ተሸወድኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንቀምስ ልንውል፣ ከዚያም እንቁላሉና ሥጋው ቀርቦ "አንበላም" ልንል... ለዚያውም በሰው ቤት።

"ቁርሱን ትተን አልጋውን ብቻ ብንከራይስ?" አለ ሞላ።

አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። "አገር እኮ አይሸሽም ሞላ። ጾሙም ይለፍ፣ መስቀልም ይለፍ፣ ከዚያ በደስታ ሂዱ።"

ሰኔ 5

ሊድያ በመስከረም ፈቃድ አታገኝም። "መኪናውን እሰጣችኋለሁ፣ ሁለታችሁ ዙሩ" አለች። "አባባ እንደሆነ ሾፌር ነው።"

ሁለታችን ብቻ! እንግዲህ ጋቢና የማን ሊሆን ነው? የእኔ! ወጥ እያማሰልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኔ 14

እዚያ አገር መንገዱ በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። ሞላ ግቢ ውስጥ ሁለት በርጩማ ደርድሮ ይለማመዳል። እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ። በግራ እጁ ማርሽ ይቀይራል... ማርሹ የእኔ ጉልበት ነው።

ጀብሪል ብቅ ብሎ አየን። "አብሽር ጋሽ ሞላ! ይቺስ ብትገለበጥም አትጎዳም" አለ። ለቪዛው ወረቀት ደሴ ስትሄዱ ሚኒባሷን ውሰዱ፣ እኔ የዚያን ቀን አልሠራም ብሏል። ደግ ሰው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ከደሴ መልስ።

ጠዋት ጋቢና ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ! መንገዱ ከፊት ሲመጣ ሌላ መንገድ ነው፤ ጭጋጉ ሳይቀር ያምራል። ሜዳው ደረስን። ጅብራዎቹ ዝናብ እየጠጡ ቆመዋል። "ሞላ፣ እስቲ እዚህ ጋ ቁም" አልኩት።

"እሺ" አለ። አለፈ።

"ሞላ!"

"እሺ፣ ስንመለስ።"

ትንሽ እንደሄድን ሁለት ሽማግሌዎች ከመንገድ ዳር እጃቸውን አነሱ። ቀጥ አለ! ደረቅ ፍሬን። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ደሴ ነው አባቶቼ?" አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ምን አለ? "እስቲ ወደ ኋላ ዞር በይላቸው።"

ዞርኩ። ለእርቅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ናቸው፣ "ልጄ ተባረኪ" አሉኝ። እነሱን ምን እላቸዋለሁ? እስከ ደሴ ድረስ የሞላን ማጅራት እያየሁ ሄድኩ። ስንመለስም ጨልሞ ነበር፤ አልቆመም።

አየርላንድ አልሄድም። እዚያም ሄጄ መጓጓዝ ብቻ ከሆነ፣ እዚሁ ይሻለኛል።

ሐምሌ 3

"ምን አጠፋሁ? ሽማግሌ ዝናብ ላይ ትቼ ልለፍ?"

"ለነሱ መቆምህ ደግ ነው። እኔ ቁም ስልህ ግን እግርህ ፍሬኑን አያውቀውም።"

 

ሐምሌ 27

ሞላ በርጩማዎቹን ወደ ጓዳ መለሳቸው። አኩርፎ ነው ወይስ እያሰበ?

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ አለቀ። ዛሬ ደግሞ ቪዛው መጣ! ሊድያ በስልክ እልል አለች። እኔ ግን አልሄድም እንዳልኩ ነኝ።

ማታ ሞላ አጠገቤ ተቀመጠ። "ካልሄድሽ አልሄድም። ማን ቁም ይለኛል?"

"ልልህ አልፈልግም ሞላ። ራስህ ብትቆምልኝ ነው ደስ የሚለኝ።"

"እውነቱን ልንገርሽ... ቆሞ ማየት አልለመድኩም። ከኋላዬ አሥራ ምናምን ሰው 'ምን ሆነ?' እያለ ነው የኖርኩት። ባይሆንልኝስ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆማለሁ ብሎ ይምልልኝ ነበር። ዛሬ አልማለም። እንደሱ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው። እሺ አልኩት፣ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 29

ትንንሽ ሙዳዮች እየሰፋሁ ነው፣ ለምናድርባቸው ቤቶች። ይከፈላል ብትልም ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ሊድያ ትሳቅ።

መስከረም 25፣ እሑድ

አየርላንድ! ትናንት ከሊድያ ቤት ወጣን። ሞላ ሦስት ጊዜ በእኔ በር ገባ። መሪ የሌለበት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን ሲያይ... አምላኬ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ሙዳዩን ስሰጣቸው እጄን ይዘው አለቀቁኝም። ቋንቋ ባይኖረንም ተግባባን። ሞላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጫማውን ሳይቀር አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁርስ ጠበቀ። ፌስታል ግን አልጠየቀም።

ውሎው? ነዳ። ባሕሩ አለፈ፣ ቤተ መንግሥቱ አለፈ፣ በጎቹ አለፉ። ቁም አላልኩትም። አልልም ብያለሁ።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ጠዋት ያደርንበት ቤት ሴትዮ የአጃ ገንፎ በውሃ ሠራችልን፣ የረቡዕ ጾም መሆኑን ሊድያ በስልክ አስረድታልን። መንገደኛ ማለዳ ቢቀምስ አባ ፈቅደዋል። ደህና ገንፎ ነው፣ በርበሬ አጣ እንጂ።

ከሰዓት በኋላ በጠባብ መንገድ እየሄድን ነበር። በግራ በቀኝ የድንጋይ ካብ። ሞላ ፍሬቻ አበራ። ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ነጠላዬን ሰበሰብኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ወደ ኋላ ልዞር! ማን እጅ አነሳ ብዬ መንገዱን አየሁ። ሰው የለም።

ቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆነ? ጎማ ነው?"

"ጎማው ደህና ነው።"

"ታዲያ ማን አስቆመህ?"

"ማንም።" ዝቅ ብሎ በእኔ መስኮት ወደ ውጭ አየ። "ይታይ ብዬ ነው።"

ወረድን። ታች ባሕሩ ግራጫ ሆኖ ከዐለቱ ጋር ይጋጫል፣ ወዲህ በጎች ሣር ይግጣሉ። ደግሞ ነፋሱ! የእኛው ሜዳ ነፋስ ነው። ሞላ ካቡ ላይ ተቀመጠና አጠገቡን በእጁ መታ መታ አደረገ። "እዚህ ተቀመጪ።" ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ። እንዳላየ ሆነ።

ብዙ ተቀመጥን። በጎቹ ወደ ሌላው ማሳ ተሻገሩ፣ ብርሃኑም ቀላ። የምቸኩለው እኔ ሆንኩ... "ሞላ፣ መሸ እኮ። ዛሬ የት ልናድር ነው?"

"ሲመሽ እናያለን" አለኝ።

ሞላ ነው ይሄን ያለው። ሞላ!