ዜሮ የወጣው ስፋት

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ለሰው አይወራም፤ እዚሁ ላውጣው። በአርባ ስድስት ዓመቴ ካልኩለስ ልማር ብዬ ከጎባ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እየተመላለስኩ፣ ዛሬ የግራፉን ነጥቦች በማስመሪያ አገናኘኋቸው! ኩርባ መሆን የነበረበት የቆርቆሮ ጣሪያ መሰለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሶሲ ሳቋን አፍና፣ "እትዬ ሠርኬ፣ ዝናብ እንዳያስገባ!" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

መምህሩ ሂካ የጎረቤቴ የሰንበቴ ልጅ ነው፤ በሕፃንነቱ አዝዬዋለሁ። አየት አደረገና "ጎበዝ እትዬ" ብሎ አለፈ። ጎበዝ? የቱ ላይ? ይሄን ኮርስ ካላለፍኩ እኮ ዲግሪው ቀረ...

እሁድ፣ የካቲት 16

የፈተና ወረቀት ተመለሰ። በኩርባውና በአግድሙ መስመር መካከል ያለውን ስፋት ፈልጉ ነበር የሚለው። ኢንቴግራሉን ሠርቼ ዜሮ አወጣሁ። ሶሲም ዜሮ። እሷ ኤክስ፣ እኔ ራይት!

"ይሄማ የዕድሜ ማርክ ነው" አለችኝ። ፊቴ ጋለ።

ወደ ጎባ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ኩርባውን ደግሜ አየሁት። ግማሹ ከመስመሩ በላይ፣ ግማሹ በታች። የታችኛው በማይነስ ይወጣል፤ ስደምራቸው ተጣፉ። በዓይኔ የማየው ስፋት እንዴት ዜሮ ይሆናል?

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሂካን እናቱ ደጅ ላይ ያዝኩት።

"ይሄን ማርክ ቀንስ።"

"ኧረ እትዬ! እርስዎ ላይ ኤክስ..."

"የመጨረሻውን ፈተና የሚያርመው ሌላ መምህር ነው። እሱንም አዝዬው ነበር? ሰሌዳ ላይ ሁሉን ትጠራለህ፣ እኔን ትዘላለህ።"

"እንዳያፍሩ ብዬ ነው።"

"ማፈሩን ለእኔ ተወው!"

ሰንበቴ ከውስጥ፣ "ማሊ? ምንድን ነው? ምን አጠፋ?"

"ማርክ ሰጠኝ!"

ግራ ገባት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

"እትዬ ሠርከአዲስ፣ ወደ ሰሌዳ ይውጡ።"

ማርከሩን አነሳሁ። ማስመሪያ የለም... የፈተናው ኩርባ ወጣ፣ ዞረ፣ መስመሩን አቋርጦ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ፣ ማይነሱን ጥዬ። ሩብና ሩብ። ግማሽ!

ቀጥሎ የሰጠኝ ግን ተበላሸብኝ። ሂካ ሰው ሁሉ እያየ በቀይ ማርከር ትልቅ ኤክስ አደረገበት።

"ልክ አይደለም እትዬ። ይድገሙት።"

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደገምኩት።

የመጨረሻው ፈተና የፊታችን ቅዳሜ ነው። የመጣው ውጤት እዚህ ይጻፋል፤ ኤፍም ቢሆን። የራሴ ኤፍ ይሆናላ!