ቀይ ወይንና የንሱን ዳቦ በቀኛዝማች አፍ ውስጥ ስለ መገናኘታቸው

ይድረስ ለክቡር ቀኛዝማች ምንውየለት፣ የአሶሳ ሰፈር አዛዥ፣ የኬላው ጠባቂና የግብሩ ተቀባይ።

ክቡር ሆይ፣ ከቤተ ሰብዎና ከሠራዊትዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የምላስዎን ጤና ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከደረሰበት ድንጋጤ አገግሞ ማርን ከኮሶ መለየት ጀምሮ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ታፈረ፣ በገበያው ሾላ ሥር ተቀምጬ መጻፍ ለማይችል ሁሉ ደብዳቤ የምጽፈው ትሑት አገልጋይዎ፣ የጠዋት ዳቦዬን ካጣሁበት ቀን ወዲህ ትንሽ ከመክሳቴ በቀር ደህና ነኝ።

ለሹም የሚጻፍ ደብዳቤ ታሽጎ በእጅ እንደሚሰጥ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ነገር ግን በአሶሳ የነበረው ሰም ሁሉ በዳቦ ጋጋሪዋ በወይዘሮ ኑራ ምድጃ በር ላይ ስላለቀ የማሽግበት አጣሁና በሾላው ግንድ ላይ ለጠፍሁት። መንገደኛ ቆሞ ቢያነበው ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ጥፋቱ የሹማችንን ፍላጎት ሳይገምቱ ጥቂት ሰም የሠሩት የንቦቹ ነው።

እርስዎ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ቢያውቁትም፣ ያ መንገደኛ ግራ እንዳይገባው ከሥሩ ልጀምር። ድንበር የሚለኩት ፈረንጆች በዚህ ሲያልፉ ለክብራቸው የሚገባ ግብር ላብላ ብለው ተነሡ፤ አሳብዎ የተመሰገነ ነበር። ፈረንጅ ቀይ ወይን ካልቀረበለት፣ ከወይኑም ጋር ጣፋጭ ዳቦ ካላየ እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል ብሎ ማን እንደ ነገረዎ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወይኑን ነጋዴው ዐወድ ከሱዳን አገር፣ ከሮሴሬስ በአህያ ጭኖ አመጣ፤ ዐወድ ሃይማኖቱን አክባሪ ስለሆነ ሣጥኑን ጫነ እንጂ ውስጡን አልጠየቀም። ዳቦውን ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ወይዘሮ ኑራ ጋገሩ። የንሱን ማለት ከዐረብ አገር ነጋዴዎች ጋር የመጣ፣ የእንስላል ዘመድ የሚመስል፣ ሽታው ጣፋጭ የሆነ ደቃቅ ፍሬ ነው፤ እዚህ አገር ሆዱን የቆረጠው ሰው አፍልቶ ይጠጣዋል፣ እንግዳ የመጣበት ደግሞ ከሊጥ ጋር ለውሶ ይጋግረዋል። ወይዘሮ ኑራ ባላቸው ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት በዚህ ዳቦ ነው፤ ከዚያ ምድጃ በቀር ሌላ ነገር የላቸውም።

በግብሩ ቀን የፍየሉ ጥብስ ከወይኑ ጋር ቀረበ፣ ሁሉም ደስ ብሎት በላ። ዳቦው ሲመጣ ፈረንጆቹ ከሻይ ጋር በሉት፤ አንደኛው እንዲያውም ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀ። እርስዎ ግን የፈረንጅን ሥርዓት ከፈረንጅ ይልቅ ለማሳመር ፈልገው ቁራሽዎን በወይኑ ዋንጫ ነክረው፣ እስኪቀላ ጠብቀው ጎረሱት። ፊትዎ የተጨማደደውን ያህል የማንም ፊት ሲጨማደድ አላየሁም። የጎረሱትም ተመልሶ በፈረንጁ ካርታ ላይ አረፈ፤ ቀዩ ነጠብጣብ ድንበሩን ወዴት እንዳዞረው እየተመረመረ ነው ይባላል። ከዚያ «መርዝ!» ብለው ጮኹ፣ ወይዘሮ ኑራም ተይዘው ታሰሩ፣ ምድጃቸው በማኅተምዎ ታተመ፣ እስከ ቅዳሜ ዋስ ካላገኙ ከገበያውም ከአሶሳም ይባረራሉ ተብሎ በነጋሪት ታወጀ።

እንግዲህ ላደረጉልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በእኛ በደጋው ሰዎች ልማድ አሳላፊ መጠጥ ሲያቀርብ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ያበሰለም ካበሰለው ይቀምሳል፤ ጌታ የሚጎርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በእርስዎም ግቢ ይህ ልማድ አንድም ሳይጎድል ተፈጽሟል። አሳላፊዎ ወይኑን ቀመሰ፣ ጥሩ ነው አለ። ወይዘሮ ኑራ ዳቦውን ቀመሱ፣ ጥሩ ነው አሉ። አሳላፊው ግን ሙስሊም የጋገረውን አልቀምስም ብሎ ዳቦውን አልነካም፤ ወይዘሮ ኑራም ሃይማኖታቸው የከለከለውን ወይን አልነኩም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ቅምሻ ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ የቀመሰ አንድ ሰው አልነበረም። ወይኑና ዳቦው ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቁት በእርስዎ አፍ ውስጥ ነው። ወይኑ ንጹሕ መሆኑ ተመስክሯል፣ ዳቦው ንጹሕ መሆኑ ተመስክሯል፤ መርዝ ነበረ ከተባለ የቀረን ያልተቀመሰ ቦታ አንድ ብቻ ነውና፣ የት እንደሆነ በትሕትና ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማኅተሙ። እሳት የሚነድበትን ምድጃ በሰም ማተም ከእርስዎ በፊት ማንም ያላሰበው ብልሃት ነው። አሁን ለጠላ ገንቦዬ እንኳ የምቀባው ሰም የለኝም፤ ቢሆንም ለመንግሥት ሥራ ነውና አላማርርም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይንተባተባል፣ ይታገሡኝ። ወይዘሮ ኑራን በፊትዎ አቁመው፣ ንጹሕ ከሆንሽ ይህን ዋንጫ ወይን ጠጪ አሏቸው። እምቢ አሉ። እምቢታቸውን የጥፋታቸው ማስረጃ አደረጉት። በዚያው ቀን አሳላፊዎ ዳቦውን አልቀምስም ያለውን ሲሰሙ ደግሞ፣ ሃይማኖቱን የጠበቀ ብለው ኩታ ሸለሙት። አንዱ እምቢ ብሎ ኩታ ለበሰ፣ አንዷ እምቢ ብለው ታሰሩ፤ ሁለቱ እምቢታዎች ግን መንታ ናቸው። ይህን ስሰማ አፈርሁ፣ ክቡር ሆይ። እየቀለድሁ አይደለም፤ የእኔም ሃይማኖት የእርስዎም ሃይማኖት ናትና በእርሷ ስም ሲቀለድ እኔም አብሬ የተሰደብሁ ያህል ተሰማኝ። ባልቴት ሴት ያመኑበትን ትተው እንዲጠጡ ማስገደድ የማንም አገር ሕግ አይደለም፤ ፈረንጆቹም ያን ጊዜ ካርታቸውን መጠቅለል የጀመሩት ደርቆላቸው አልነበረም።

ወደ ጨዋነቴ እመለሳለሁ።

አራተኛ፣ እርስዎ በሥራ ብዛት ምርመራውን ስለ ዘለሉት እኔ ልሠራልዎ ሞከርሁ። ከታሰሩበት ቀን ጠዋት የገዛሁት የመጨረሻው ዳቦ በእጄ ነበር። ወይኑን ደግሞ ከግቢዎ አንድ ሰው፣ ለሚስቱ ደብዳቤ ስለ ጻፍሁለት፣ በግማሽ ጠርሙስ ከፈለኝ፤ አሳላፊ ያለዎት አንድ ብቻ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። በመጀመሪያ ወይኑን ለብቻው ጠጣሁ፤ ጌሾ እንደ በዛበት ጠላ ይመራል፣ ይኮመጥጣል፣ ሰው ግን አይገድልም። ቀጥሎ ዳቦውን ለብቻው በላሁ፤ ስለ እርሱ የምለው የለኝም፣ ለሁለት ዓመት በየጠዋቱ የበላሁት ነው፣ የንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ ለብቻችን እንነጋገራለን። ከዚያ እንደ ክቡርነትዎ ነከርሁና ጎረስሁ።

እውነት እላለሁ፣ አዘንሁልዎ። ምላሴ ያልበሰለ ሙዝ የበላሁ ያህል ተያዘ። የዳቦው ጣፋጭነት የወይኑን ምሬት አውጥቶ አሰጣው፣ የወይኑ ምሬት ደግሞ የየንሱኑን ሽታ የጉንፋን መድኃኒት አደረገው፤ መጨረሻ ላይ የጠመንጃ አፈሙዝ የላስሁ መሰለኝ። ነገር ግን ውኃ ጠጣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልሞትሁም። በማግሥቱ ጥቂት የፍየል ሥጋ ጠብሼ ወይኑን ከእርሱ ጋር ጠጣሁ፤ ጣፈጠኝ። ዳቦውን ከብርዝ ጋር በላሁ፤ እጅግ ጣፈጠኝ። እልኸኛ ነኝና በጥብሱ ላይ የንሱን ነስንሼ ከወይኑ ጋር እንደ ገና ሞከርሁ፤ ይገርምዎታል፣ ሁለቱ ታረቁ። አስታራቂ ሽማግሌ የሆናቸው የፍየሉ ስብ ነው። እንግዲህ ጣፋጭ የንሱን ዳቦና ደረቅ ቀይ ወይን በአንድ ጉርሻ አይስማሙም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያልተስማሙ ሁለት ሰዎች በጉባኤዎ ፊት ቢቀርቡ ጎረቤታቸውን ያስሩ ነበርን?

አምስተኛ ልጽፍ የነበረውን ወረቀቱ ስላነሰኝ ትቼዋለሁ፤ ስለ ነጋሪቱ ነበር። ነጋሪት መቺው ራሱ ዐዋጁን እየተናገረ የየንሱን ዳቦ ደንበኛ መሆኑን ላለማሳየት ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ እንደ ነበር ብቻ ልጥቀስ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ዐዋጁ ዋስ ይጠራ ብሏል። የአገሩ ሰዎች ለዋስነት ብንቀርብ አብረው መክረዋል እንባላለን ብለው ፈሩ፤ ከደጋ የመጡት የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ እርስዎን ፈሩ። እኔ የማጣው ነገር አንድ ቀለም ቀንድና አንድ አጎዛ ብቻ ስለሆነ ፍርሃቴ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የወይዘሮ ኑራ ዋስ እኔ ታፈረ ነኝ። በሰውነቴ ዋስ እሆናለሁ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ከዚያው ወይን ዋንጫ ሙሉ፣ ለምስክርነት በእልፍኝዎ ካስቀመጡት ዳቦ ደግሞ አንድ ሙሉ ያምጡልኝ፤ ነክሬ፣ ሳልጨማደድ፣ እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ እበላለሁ። ብሞት ወይዘሮ ኑራን ያባርሩ፣ እኔንም ያለ ተዝካር ይቅበሩኝ። ባልሞት ማኅተሙን በገዛ እጅዎ ያንሡ፣ ሕዝብ እያየ «ተሳስቻለሁ» ይበሉ። ቃሉ አጭር ነው፤ አብረን እንለማመደዋለን፣ ለደብዳቤ የማስከፍለውን እንኳ አልጠይቅዎትም።

በሚቀጥለው ግብርዎ ወይኑን ከጥብሱ ጋር ያቅርቡ፣ ዳቦውን ለሻዩ ይተዉት፣ በመካከሉም ውኃ ይጠጡ። የግድ የፈረንጅ ሥርዓት ላሳምር ካሉ ፈረንጁ ምን እያደረገ እንደሆነ መጀመሪያ ይመልከቱ። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ ከዚህ ሁሉ ምክር ይልቅ የባልቴቲቱ ነገር ነው፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው፣ እኔም ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሾላው ሥር ሆኜ ያን የተዘጋ ምድጃ ሳይ እቆጫለሁ።

ፈጣሪ ምላስዎን ከምሬት፣ ጆሮዎን ከወሬ አቅራቢ፣ ካርታችንን ከጉርሻዎ ይጠብቅልን። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወይንዎ ጥሩ ጓደኛ፣ ለፍርድዎም አንድ ቀን ተጨማሪ ማሰቢያ እየተመኘሁ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ፣ ከዚያም አቧራዬን አራግፌ ቀና ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጸሐፊው ታፈረ፣ የወይዘሮ ኑራ ዋስ
አሶሳ፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓመተ ምሕረት

የተረሳ ነገር፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስነሣ ከግቢዎ ሁለት ወሬ ደረሰኝ። አንደኛው፣ ለምስክርነት የተቀመጡትን ዳቦዎች ዘበኞችዎ ሁሉንም በልተው ጨርሰዋል፤ አንድም የታመመ የለም፣ እንዲያውም እስረኛዋ መቼ እንደሚጋግሩ እየጠየቁ ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ፈተናዬ ዳቦ የለውም፤ ዘበኞችዎ ቀድመው አልፈውታል። ሁለተኛው ወሬ፣ እርስዎ ይህን ሲሰሙ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የጓሮውን በር አስከፍተው፣ ወይዘሮ ኑራን «ማንም ሳያይሽ ቀስ ብለሽ ሂጂ» ብለው በዘበኛ ላኩባቸው ይላል። አልሄዱም። አሁንም በግቢዎ መካከል፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ለዘበኛው በተሰባበረ አማርኛቸው የመለሱለትንም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፦ «በጓሮ የሚወጣ ሌባ ነው። እኔ በትልቅ በር ገባ፣ ሰው ሁሉ አየ። በትልቅ በር ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ያያል። ቀኛዝማች ራሱ መጣ፣ ራሱ በር ከፈተ፣ ያን ጊዜ ኑራ ይሄዳል።»