ሣር የሚግጠው ዝንጀሮ

እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

እህቴ ስንዱ ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ የጥያቄና መልስ ውድድሩን አሸነፈች። ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ጎረቤቱ «ሰሃን ከማጠብ በቀር ምን ታውቃለች?» ሲል ከርሟል። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ አስጠናኋት፤ የማራቶኑን ርቀት፣ ጋፋት የተሠራውን መድፍ ክብደት። አንዱም አልተጠየቀም።

የመጨረሻው ጥያቄ «እንደ በግ ሣር ግጦ የሚኖር ዝንጀሮ አለ?» የሚል ነበር። ተፎካካሪዋ መምህር «የለም!» ብሎ ሳቀ። እኔም በልቤ የለም ብዬ ነበር።

ስንዱ ግን «ጭላዳ ነዋ! ጉና ላይ ከበጎቻችን እኩል ሲግጥ እያየሁ አይደል ያደግሁት!» አለች።

እኔም እዚያው ነው ያደግሁት፤ ግን መጽሐፍ ሳነብ ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ አዘጋጆቹ «ማን አስጠናሽ?» አሏት።

«ወንድም ጋሼ ነው።»

ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። የእህትን ቃል በሰው ፊት ማስተባበል ነውር ነው።