ውሃ የጠገበው ቡገንቪሊያ

እህቴ፣

የአክስታችንን መጋረጃዎች ልሰፋ ለአንድ ወር ሄጃለሁ። በአንድ ቀሚስ አኩርፈሽኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንትሽ ስለሆነ፣ በወረቀት መናገር ግድ ሆነብኝ።

በረንዳው ላይ ያለውን ቡገንቪሊያ አስር ቀን ሳይሞላው ጠብታ ውሃ እንዳታቀምሺው። ችግኝ ሻጩን ጠይቄዋለሁ። ውሃ ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ያበዛል፣ የሚያብበው ትንሽ ሲጠማ ነው አለኝ። የጎረቤት አጥር በቀይ ተሸፍኖ የኛ ሰላጣ መስሎ የቀረው ለዚህ ነው። አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ ነሽ፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ፀሐይ ይወዳል፤ ያንን የልብስ ማስጫሽን ከፊቱ አንሺለት። ሽቅብ ሲወጣ የሚይዘው ገመድ አስሬለታለሁ። እሾሁ ይቧጭራል፤ ሰሞኑን ካንቺ ጋር ለከረመ ሰው ግን ምንም አይደለም። ያ የጎረቤት ቀይ ነገር ደግሞ ቅጠል እንጂ አበባ አይደለም። አበባው መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ተማሪዎችሽን እንዳታሳስቺ።

ጠዋት ጠዋት ተደብቀሽ በጆግ ስታጠጪው በመስኮት አይቼሻለሁ። እኔ የረሳሁት መስሎሽ ነው።
እስካይሽ ድረስ እኔም ከሥራ ስገባ አጠጣው ነበር።
አንቺ የረሳሽው መስሎኝ።

ያሳጠርኩብሽን ቀሚስ ጫፉን ፈትቼ አውርጄዋለሁ፤ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ተሰቅሏል። አጭሩ ግን ያምርብሽ ነበር።

ስመለስ ካላበበ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ነው።
እስከ ዛሬ ያለው የሁለታችን ነው።