አባዬ፣ መፋቂያህን ለምን ተውከው

ይድረስ ለናፍቆቴ፣ ለአባዬ።

አገር ምድሩ መስቀልህን እየተሳለመ «እርስዎ» ሲልህ፣ «አንተ» እያልኩህ የኖርኩት ቅብጥ ልጅህ ነኝ፤ ዛሬም አመሌን አልተውኩም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ ደባርቅ ማስተማሬን ቀጥያለሁ፤ እናቴ ደህና ናት። ወንድሜ ቅስናውን ተቀብሎ በአንተ ቦታ ገብቷል። ድምፁ ቁርጥ ያንተ ነው፤ ከውጭ ሆኜ ስሰማው እደነግጣለሁ።

የምጽፍልህ ግን ፈርቼ ነው። ባለፈው እሑድ ዳባት ቤት ብሄድ፣ የወንድሜ የወይራ መፋቂያ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ብጠይቀው፣ ሲፍቅ ድዱ እየደማ አስቸግሮት ትቶት ኖሯል። አንተም እንዲሁ ነበር ያደረግኸው። ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ አይገባምና፣ እንዳይደማብህ መፋቁን ተውከው። ድድህ አብጦ ቆሎ መቆርጠም ሲያቅትህ፣ ጥርሴ ከእኔ ቀድሞ መነነ እያልክ ታስቀን ነበር። ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ከበደህ፤ ደረትህን ይዘህ ደጀ ሰላሙ ላይ መቀመጥ አመጣህ። የአፍህንና የልብህን ነገር ማናችንም አላገናኘነውም።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ድዱ ነው የገደለው ብላ አልማለችልኝም። ግን የታመመ ድድና የታመመ ልብ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ የድድ ተሐዋስያን በደም ሄደው ልብን ሊጎዱ ይችላሉ፤ የሚደማ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፣ ይታከማል እንጂ አይተውም አለችኝ።

ወንድሜን ጎንደር ሄደህ ታከም ብዬ ለመንኩት። የአባቴን ሙት ዓመት ሳልቀድስ የትም አልሄድም፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ አለኝ። እኔ ግን ሄጄ ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው። እሳቸውም ድነህ እስክትመጣ መቅደስ አትገባም አሉት። ሙት ዓመትህን ሌላ ካህን ይቀድሳል።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይሄዳል። ልቡንም እንዲያዩለት ነግሬዋለሁ፤ ምን ይሉት ይሆን እላለሁ። እሱ አኩርፎኛል፤ ሰላም ስለው ፊቱን ያዞራል።

አንተ አትቀየመኝ፣ አባዬ። እድሜዬን ሙሉ አስብሃለሁ፤ የማስብህም ልጅህን በመጠበቅ ነው። እሱ ያኩርፈኝ። ያኮረፈ ይታረቃል።